የጋሽ አንጁሎ ሳር

ብዙ ማውራት አይሆንልኝም። ጸሎት ላይ እንኳ ቃል አላበዛም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ጋሽ አንጁሎ ስላረፉ ነው። ከደጋው፣ ከአገራቸው ከኦቾሎ የወረደ ሰው ገበያ ላይ አግኝቶ ነገረኝ፤ ዕድሜ ጠግበው፣ በቤታቸው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነው ያረፉት። ለቅሶ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያነሣል። አንድ ጠዋት ለእኔና ለልጄ ያደረጉትን ግን ያነሣ አልነበረም። እኔም ከሐዘንተኛው መሐል ተነሥቼ መናገር ከበደኝ። ቁልቁል ስመለስ መንገዱን ሙሉ ቆጨኝ። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ልጄን አስፈቅጃለሁ። የእሱንም የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ፤ የጋሽ አንጁሎን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እኔና አንድ ልጄ ማቲዎስ። ባለቤቴ የዶርዜ ሰው፣ ሸማኔ ነበር። ማቲዎስ አምስተኛ ክፍል ሳለ አባቱ በወባ አረፈ። እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ክሩን ለሸማኔዎች እሸጣለሁ፤ በዚያው ነው ልጄን ያሳደግሁት።

ጋሞ አገር ላልኖረ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ዘንድ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም። እንዝርት የያዘ ወንድ ግን እኔ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ ስመለስ ጭቃ አንሸራቶኝ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። ወጌሻ አሸኝ። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን ጠምሞ ገጠመ። ከዚያ በኋላ እንዝርቱን ሳሽከረክር እጄ ይከዳኛል፤ ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ እንዝርቱን ጥዬው ተቀምጬ ሳለ ማቲዎስ ከትምህርት ቤት ገባ። አጠገቤ ቁጭ አለና እንዝርቱን አነሣው።

እኔ አላስተማርኩትም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጄን ሲያይ ነው ያደገው። አባቱ ሸማ ሊያስተምረው አጠገቡ ሲያስቀምጠው ጥቂት ቆይቶ ሹልክ ይልና እኔ ጋ ይመጣ ነበር። አሁን ክሩ ከጣቱ ወጣ፤ ቀጭን፣ እኩል፣ እጄ ደህና ሳለ ከፈተልኩት ክር የሚበልጥ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ተነሥቼ ግን በሩን ዘጋሁት።

በሩን መዝጋቴን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በተዘጋ በር ይፈትላል፤ እኔ ክሩን ገበያ አወጣለሁ። የባለቤቴ ጓደኛ የነበረ፣ ጋሽ ቶራ የሚባል ሸማኔ ደንበኛዬ ነበር። አንድ ቀን ክሩን በጣቶቹ መሐል ደጋግሞ እያሳለፈ፣

“አስካለ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?” አለኝ።

“የኔ ነዋ።”

“ያንቺን እጅ አውቀዋለሁ። ይሄ ሌላ ነው።”

“ወጌሻው አሻሽሎት ይሆናላ።”

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለክርስቲያን ውሸት ኀጢአት መሆኑን አውቄ ነው የሳቅሁት።

ማቲዎስ ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ አረማመዱ ቀስ ያለ ልጅ ነው። ኳስ አይወድም። አንድ ጓደኛ ብቻ ነበረው፤ ዳንኤል። የዳንኤል አባት ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። ሁለቱ ልጆች አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ጎረቤት በዓይኑ ሲከተላቸው አያለሁ፤ የማላይ እመስላለሁ። በጸሎቴ ግን “ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ ለውጥልኝ” እል ነበር። ከምን ወደ ምን እንዲለወጥ እንደምፈልግ ለራሴም ተናግሬው አላውቅም።

ማትሪክ ሊፈተኑ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከቦኖ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። በሩን መቀርቀር ረሳሁ። ስመለስ የጋሽ ቶራ ልጅ ጌታሁን ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከማቲዎስ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ማቲዎስ እንዝርቱን እንደያዘ ነው።

“እትዬ፣ አባዬ ክር ተቀበል ብሎኝ ነው” አለኝ ጌታሁን። ዓይኑን ከእንዝርቱ አልነቀለም። ሰጠሁት። ይዞ ሄደ።

“ይናገራል” አለ ማቲዎስ።

“አይናገርም፤ የጨዋ ልጅ ነው።”

“እማዬ፣ ይናገራል።”

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ያለወትሮው ቀድሞ መጣ። ምሳ አልበላም። ጸጉሩ ውስጥ ጥጥ አየሁ። ከቤታችን የነካው መስሎኝ ላነሣለት እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

“ተይው። እነሱ ናቸው የበተኑብኝ።”

የቀረውን በትንሽ በትንሹ ነገረኝ። ክፍል ሲገባ “ፈታይዋ መጣች! ተነሡላት እንጂ!” ብለው ጥጥ አዘነቡበት። “አንቺ ማቲ፣ ለእኔም ነጠላ ፍተዪልኝ” ይለዋል አንዱ። “ባሏ ዳንኤል ይፈቅድላታል?” ይላል ሌላው። ሰሌዳው ላይ የሁለቱን ስም ጎን ለጎን ጽፈው፣ ከሥሩ አንድ ቃል ጨምረውበታል። ወንድን የሚወድ ወንድ የሚሰደብበትን ቃል። ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልደግመውም።

“አስተማሪው ምን አለ?” አልኩት።

“አጥፍቶት ማስተማር ጀመረ።”

“አንተስ?”

“ማስታወሻ ያዝኩ” አለኝ።

ከደብተሩ መሐል ወረቀት አወጣ። ሰኞ ጠዋት ወላጅ ይቅረብ ይላል።

ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት ሁለታችን ወጣን። የበልግ ዝናብ ሲጥል አድሮ መሬቱ ርሷል፤ የመንገዱ ዳር ሁሉ አረንጓዴ ነው። ማቲዎስ ደብተሮቹን በሙሉ ይዟል። የሚማር መስሎታል።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጋሽ አንጁሎን አገኘናቸው። ዘበኛ ናቸው፤ ያረጀ ካኪ ኮት፣ ባርኔጣ፣ ዱላ። ተማሪዎች “አንጁሎ፣ ክፈት! ተኝተሃል እንዴ?” እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው አይመልሱም። በአገራቸው በኦቾሎ ሰው ሲጣላ ቀድመው የሚጠሩ ሽማግሌ መሆናቸውን ከዚያ ግቢ ውስጥ የሚጠይቅ አልነበረም።

“የማን እናት ነሽ?” አሉኝ።

“የማቲዎስ።”

ዞር ብለው አዩት። “እሱ ጠዋት ጠዋት ‘እንዴት አደሩ’ ይለኛል” አሉና ከፈቱልን።

ማቲዎስ ከቢሮው ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እኔ ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

“ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ነው። እኔ በግሌ ቅሬታ የለኝም” አለኝ።

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

“ግን ልጆቹ ተነሣስተዋል። ሁለት ሦስት ወላጆችም መጥተው አመልክተዋል። ከእንዲህ ዓይነት ልጅ ጋር ልጆቻችንን አናስቀምጥም ነው የሚሉት።”

“ምን አጠፋ?”

“አጠፋ አላልኩም። ለእሱም ደኅንነት ብዬ ነው። መልቀቂያ ልስጥዎትና ይሂድ። የሚመጣው ዓመት ሌላ ቦታ ይፈተናል። የዳንኤል አባት ቅዳሜ ዕለት ፈርመው ልጃቸውን ወስደዋል።”

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ እሱን ከደበቅሁ መጻፌ ዋጋ የለውም። እፎይ አልኩ። ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ሰው ሳይሰማ ልጄን ይዤ ቤቴ እገባለሁ አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበትን ፈተና አላሰብኩም። ያሰብኩት ጎረቤቶቼን ነው። እንደገና በር ልዘጋ ነበር።

ፈረምኩ።

እስክሪብቶውን ሳስቀምጥ ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። ብቅ ስንል ከቢሮው እስከ ግቢው በር ባለው ሜዳ ላይ ወንዶቹ ተሰብስበዋል። ዱላ የያዘ አለ፤ ድንጋይ የያዘ አለ። ከፊት ጌታሁን ነው።

“ፈታይዋን አውጡልን!” ይላሉ። ያንንም ቃል ጨምረው።

ማቲዎስ ከአግዳሚው አልተነሣም። ደብተሮቹን ደረቱ ላይ አቅፏል።

“ወደ ክፍላችሁ!” ብሎ ጮኸ ርዕሰ መምህሩ። የሰማው የለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ወይዘሮ፣ ልጁን ይዘው ቶሎ ይውጡ” አለኝ። በየት? አንድ በር ነው ያለው፤ ልጆቹ ደግሞ በእኛና በበሩ መሐል ናቸው። ከዚያ “አንጁሎ! በሩን ወለል አድርገህ ክፈተው፤ እዚያው ቁም!” ብሎ ተጣራ።

ጋሽ አንጁሎ በሩን ትተው ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። በዝግታ ነው የሚራመዱት። ባንዲራው የሚሰቀልበት እንጨት ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። ጎንበስ ብለው ሳር ይነጩ ጀመር።

“አንጁሎ ለበጉ እያጨደ ነው!” አለ አንዱ። ሳቁ።

እሳቸው ሁለት እጃቸው እስኪሞላ ነጩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከዱላው ጎን አኖሩት። ባዶ ራሳቸውን በልጆቹ መሐል ሰንጥቀው መጡ። ከልጄ ፊት ሲደርሱ ጀርባቸውን ለእሱ፣ ፊታቸውን ለልጆቹ አድርገው ተንበረከኩ። ሳሩን ከፊታቸው መሬት ላይ አኖሩት።

ሳቁ ባንድ ጊዜ አልቆመም። ከአንድ ወገን ነው መቆም የጀመረው፤ ከደጋ ልጆች ወገን። ከጨንቻ፣ ከዶርዜ፣ ከኦቾሎ ከመጡት። እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ የጋሞ ሰው የለም። ያን ሳር መርገጥ ጎሜ ነው፤ በራስም በዘርም ላይ መዓት የሚያመጣ ጥፋት። ጦር የያዘም ቢሆን ሳሩን ካየ የያዘውን ይጥላል። ከዚያ ተቀምጦ ይነጋገራል። ልጆቹ ይህን ከትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ከአባቶቻቸው ጋር ሜዳ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነው።

ከሌላ አገር የመጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ ነገሩ አልገባውም።

“ምንድን ነው ይሄ? ቲያትር ነው?” ብሎ እግሩን አነሣ።

ኮሌታውን ይዞ የጎተተው ጌታሁን ነው። “እንዳትረግጥ! አብደሃል?”

ከዚያ ጌታሁን ራሱ ግራ ገባው። ድንጋዩን እንደያዘ ነው።

“ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ” አለ። እስከዚያ ቀን “አንተ አንጁሎ” ይላቸው ነበር። “ለሱ ብለው ነው የሚንበረከኩት?”

“ለእሱም ላንተም ነው። እጅህ ላይ ያለውን ጣለው።”

ጣለው። ከኋላውም ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ ተራ በተራ ሰማሁት።

“ቁጭ በሉ” አሉ ጋሽ አንጁሎ። ርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። “እንዲህ ነው እንግዲህ። ሳር ወርዷል። አሁን በወሬ አንነጋገርም። በዓይኑ ያየ ይናገር። በጆሮው የሰማ ዝም ይበል።”

መጨረሻ ላይ አንድ ረዥም ልጅ እጁን እንደ ክፍል ውስጥ አወጣ።

“እኔ አይቻለሁ። እሱና ዳንኤል እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ።”

ጋሽ አንጁሎ አተኩረው አዩት። “አንተ አሁን የማንን እጅ ይዘሃል?”

ልጁ ዝቅ ብሎ አየ። ሌላው እጁ አጠገቡ ከተቀመጠው ጓደኛው ጋር ተቆላልፏል። በአገራችን የማይያያዝ ጓደኛ የለምና ሳይታወቀው ነው። እጁን እንደ እሳት ለቀቀው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም።

“ሌላ ያየ?”

“ክር ሲፈትል በዓይኔ አይቻለሁ” አለ ጌታሁን። “የሴት ሥራ ነው።”

“ሌላ ያየ አለ?”

እኔ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። እኚህ ሰው ዘመዴ አይደሉም። ልጄን የሚያውቁት በሰላምታው ብቻ ነው። እሳቸው ጭቃ ላይ ተንበርክከዋል፤ እኔ እናቱ ፈርሜ ሰጥቼ በረንዳ ላይ ቆሜያለሁ።

“እኔ አይቻለሁ” አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

“ሲፈትል አይቻለሁ። እጄ ሲሰበር ነው እንዝርቱን ያነሣው። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው፤ ገበያ ያወጣሁት ክር በሙሉ የእሱ ነው። የኔ ነው እያልኩ ዋሽቻለሁ። ጌታሁን፣ አባትህ ለፋሲካ ለእናትህ የሸመነላትን ነጠላ ታስታውሳለህ?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ማጉን የፈተለው ማቲዎስ ነው።”

“ውይ ጌታሁን!” አለ ከኋላ አንዱ። “ያንተኑ እናት አልብሶልሃል!”

ጌታሁን ከጆሮው እስከ አንገቱ ደም ለበሰ። ዝም ቢል ይሻለው ነበር። አልቻለም።

“የክሩስ ይሁን። ጋሼ፣ ሌላውስ? ሰሌዳው ላይ የተጻፈው? እውነት ቢሆንስ?”

አሁን የሳቀ የለም። ልጄን አየሁት። አላቀረቀረም። ‘አይደለሁም’ ብሎ ቢጮህ ማንም ያምነው ነበር፤ ሁላችንም ያን እየጠበቅን ነበር። አላለም። ጌታሁንን አየው።

ጋሽ አንጁሎ መጀመሪያ በጋሞኛ ተናገሩ። ከዚያ ለከተሜዎቹ ልጆች ብለው በአማርኛ ደገሙት።

“ቢሆንም ሳሩ እዚሁ ነው ያለው። ለንጹሕ ሰው ብቻ ብዬ አልነጨሁትም። አባቶቼ ሰው ለገደለ ሰው እንኳ ሳር ይዘዋል። ይሄ ልጅ ማንን ገደለ? የማንን ወሰደ? የሆነውን ሆኖ ተወልዷል። ጠዋት ጠዋት ‘እንዴት አደሩ’ ይለኛል። ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ይለኛል?”

መሬት መሬት አዩ።

“ይፈተናል። ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ይፈተናል። እሺ በሉኝና ልነሣ፤ ጉልበቴ አርጅቷል።”

“እሺ ጋሼ” አለ አንዱ። “እሺ” አሉ ሌሎቹ። ጌታሁን የመጨረሻው ነበር። ተነሣ፤ በሳሩ ዳር ዞሮ መጣና በሁለት እጁ ክንዳቸውን ያዘ።

“እሺ፣ ጋሼ። ይነሡልኝ።”

ደግፎ አነሣቸው። ጉልበታቸው ጭቃ ብቻ ነበር።

እኔ ወደ ቢሮው ተመለስኩ።

“ወረቀቱን ይስጡኝ” አልኩት ርዕሰ መምህሩን።

“ፈርመዋል እኮ፣ ወይዘሮ አስካለ።”

“ፈርሜያለሁ። ተሳስቻለሁ።”

“ደንብ አለው። የተፈረመ ነገር እንዲሁ…” ብሎ አቆመ። ከኋላዬ ያየው ነገር አለ። ዞር አልኩ። ጋሽ አንጁሎ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ሁለት ሦስት ዘለላ ሳር ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩም የጋሞ ልጅ ነው። ሳሩን አየ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

ማቲዎስ ያን ቀን ቤት አልተመለሰም፤ ክፍል ገባ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ውሸት በቅቶኛል። እስከ ፈተናው ድረስ አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። ሰላምታዬን የማይመልሱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ዛሬም አንዷ አለች። ጋሽ አንጁሎ “በር ትተሃል” ተብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ማንበብ አይችሉም ነበርና ደብዳቤውን ለማቲዎስ አስነበቡት። ሲጨርስ “ጥሩ ተጽፏል” አሉና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ለዳንኤል ግን ሳር የያዘለት ሰው አልነበረም። አባቱ ሩቅ ዘመድ ጋ ላከው። ፈተናውን አልተፈተነም። የት እንዳለ አላውቅም። ስሙን በጸሎቴ እጠራለሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ጋሽ ቶራ መጣ። ልጁ ጌታሁን ሁሉንም ነግሮታል። ክሩን በጣቶቹ መሐል አሳለፈው፤ ብዙ ጊዜ።

“ያው እጅ ይቀጥል” አለኝና ክሩን ይዞ ሄደ።

ልጄ ፈተናውን አለፈ። ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዛሬ በሌላ ከተማ አስተማሪ ነው። ክፍሉ ውስጥ በተማሪ ላይ ሲሳቅ ሰሌዳውን አጥፍቶ ዝም ብሎ አያስተምርም፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ይቀመጣል፤ ያየ ይናገር፣ የሰማ ዝም ይበል ይላል።

ሥራ ከያዘ በኋላ አንድ ዓመት ለትንሣኤ መጥቶ ሳለ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ጥጡን እያዘጋጀልኝ፣

“እማዬ፣ ያን ጊዜ ጌታሁን የጠየቀው…” አለኝ።

“አውቃለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“‘አይደለሁም’ ካላልክበት ሰዓት ጀምሮ።”

“ታዲያ ምንም አላልሽኝም።”

“ምን ልበልህ? ብላ፣ ጹም፣ ጸልይ፣ እናትህን አትርሳ እልሃለሁ። ይኸው ነው” አልኩት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ እኔ አስተማሪም ሰባኪም አይደለሁም። ስለ ብዙ ነገር ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ስለ ብዙ ነገር ደግሞ አላውቅም። አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከዚያ ሰኞ በፊት “ለውጥልኝ” እያልኩ እጸልይ ነበር። ከዚያ ሰኞ ወዲህ “ጠብቅልኝ” እላለሁ። የለወጥኩት አንዲት ቃል ናት። እኔን ግን ሙሉ በሙሉ ለወጠችኝ። ልጃችሁን ይዛችሁ በር ልትዘጉ ስትነሡ፣ ከውጭ የቆመ ባዕድ ሰው ለእናንተው ልጅ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ይሆናልና ቀና ብላችሁ እዩ። እኔ አየሁ። አምላክ እንዳይ አደረገኝ። ተመስገን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

ከፈተናው በኋላ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ማቲዎስ ለጋቢ የሚሆን ክር ፈተለ። በሩ ክፍት ነበር። የሚያልፈው ሰው ቆም ብሎ ያያል፤ ያልፋል። መጀመሪያ የጠቀለልኩት ክር ውስጡ ያ የፈረምኩት ወረቀት ነበር፤ አጣጥፌ ክሩን የጠቀለልኩት በእሱ ላይ ነው። ጋሽ ቶራ ሸመነው። ለመስቀል ጋቢውን ይዘን እኔና ልጄ ወደ ኦቾሎ ወጣን።

ጋሽ አንጁሎ በዓሉን በአገራቸው ያሳልፋሉ። ሽማግሌዎች ከበዋቸው ደጅ ተቀምጠዋል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ የማውቃቸው ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ ሁሉም ይሰማል። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣልኩላቸው። ጠርዙን ያዙ። በጣታቸው ዳሰሱት። ለሌሎቹም ሽማግሌዎች አስዳሰሷቸው። ከዚያ ሁሉም እየሰማ፣

“የማን እጅ ነው?” አሉኝ።

ማቲዎስ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

“የልጄ ነው” አልኩ።

“አውቃለሁ” አሉ ጋሽ አንጁሎ። “ካፍሽ ልስማው ብዬ ነው።”